የፊልተር ካልሲውን ልመልሰው ወይስ እንደወጣ ይቅር? ናይትሬት 40 ደርሷል

ጨው_በልክ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። 300 ሊትር የሪፍ (የባሕር ዓሣና የኮራል) ገንዳ አለኝ፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከሥሩ ሳምፕ አለው፤ የማጣሪያ ዕቃዎቹ የሚቀመጡበት ሁለተኛ ገንዳ ማለት ነው። ከላይ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ በ200 ማይክሮን ካልሲ (ቆሻሻ የሚያጠልል የጨርቅ ከረጢት) ያልፋል፣ ከዚያ ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ) ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ በፓምፕ ወደ ላይ ይመለሳል። ሰባት ዓሣ፣ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች፣ ሁለት ሃመር ኮራልና አክሮፖራ የሚባል አንድ ትንሽ ጠንካራ ኮራል አሉት።

ባለፉት አራት ወራት ናይትሬቱ ከ10 ተነስቶ ቀስ እያለ በሊትር 40 ሚሊግራም ደረሰ። ፎስፌቱም 0.25 ነው። ሃመሮቹ እንደ ድሮው አይፈኩም፤ አክሮፖራው ቡናማ ሆኗል። «ካልሲ የናይትሬት ፋብሪካ ነው» የሚል ነገር አንብቤ ከሦስት ሳምንት በፊት አወጣሁት። ናይትሬቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ ውሃው ውስጥ ጉድፍ ይንሳፈፍ ጀመር፤ ድንጋዩም ግራጫ ደለል ለብሷል። ከፓምፑ በሚመለሰው ውሃ ውስጥ ደግሞ ድሮ ያልነበረ ደቃቅ የአየር አረፋ አለ። ልመልሰው ወይስ ትንሽ ልታገሥ? በጣም ግራ ገብቶኛል።

ንጹሕ_ውሃ

በስንት ቀኑ ነበር የምታጥበው?

ጨው_በልክ

እውነቱን ለመናገር በሁለት ሳምንት አንዴ። ሦስት ሳምንት የሚሞላው ጊዜም ነበር። ውሃው በካልሲው አፍ ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ነው የማወጣው።

ንጹሕ_ውሃ

መልሱ እዚያው ላይ ነው። እኔ በሦስት ቀን፣ ቢበዛ በአራት ቀን እቀይራለሁ። በአፉ ሞልቶ ሲፈስ ካየኸው ማጣራት ካቆመ ሰንብቷል። ውሃው በላዩ ዘሎ ነው የሚሄደው። አረፋው አያስጨንቅህ፤ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ካልሲው ስለሚያረጋጋው ነው ድሮ ያልነበረው።

አሮጌ_ገንዳ

ወንድሜ ጨው በልክ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ካልሲ ቆሻሻ አያጠፋም። ይይዛል፤ ሥራው ይኸው ነው። የያዘው ነገር ደግሞ አሁንም ውሃው መንገድ ላይ ነው ያለው። በየሰዓቱ የገንዳህ ሦስት አራት እጥፍ ውሃ በዚያ ክምር መሃል ያልፋል። ቤት ጠርጎ ጥራጊውን በር ሥር እንደመተው ነው።

የዓሣው ኩስ፣ የተረፈው ምግብ፣ የሞተው አልጌ ካልሲው ላይ ሲያርፍ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። ባክቴሪያው ሲያፈርሰው አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያው ናይትራይት ይሆናል፤ ናይትራይቱ ናይትሬት። ይሄ ሁሉ ኦክስጅን እንደ ልብ ባለበት የሚካሄድ ነው። ናይትሬትን ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ለውጠው ከውሃው የሚያስወጡት ባክቴሪያዎች ግን ኦክስጅን ያነሰበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ የላይቭ ሮክ (የሕያው ድንጋይ) ውስጠኛው ክፍል ወይም ጥልቅ አሸዋ ማለት ነው። ውሃ እየጎረፈ የሚያልፍበት ጨርቅ ላይ ይሄ አይገኝም። ስለዚህ ጉዞው ናይትሬት ላይ ይቆማል፤ ናይትሬቱም ይከማቻል። ፎስፌት ደግሞ ጋዝ ሆኖ የሚወጣበት መንገድ ጭራሽ የለውም። ፋብሪካ የሚለው ስም የወጣለት ለዚህ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ካልሲው ባይኖር ያ ኩስ የት ይሄድ ነበር? ድንጋይ ሥር፣ አሸዋው ውስጥ፣ ሳምፑ ወለል ላይ። እዚያም ያው ይበሰብሳል። ካልሲውን ስታወጣ ናይትሬቱ ያልወረደው ለዚህ ነው፤ መበስበሻ ቦታው ብቻ ተቀየረ። ካልሲ ላይ ያለውን ግን በእጅህ አንስተህ ከቤት ልታስወጣው ትችላለህ። ድንጋይ ሥር የገባውን አታገኘውም።

አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ካልሲና የአሥር ቀን ካልሲ ጎን ለጎን ገልብጬ አይቻለሁ። የሁለት ቀኑ ላይ ለዓሣው የሰጠሁት ሚሲስ ሽሪምፕ ገና ቅርጹን አልለቀቀም፤ ዓይኖቹ ሁለት ጥቁር ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ኩሱም ክር ክር እንዳለ በጣት ይነሳል። ሽታው የባሕር ሽታ ነው። የአሥር ቀኑ ላይ ቅርጽ ያለው ነገር የለም። ሁሉም ቀልጦ ጨርቁ ላይ የተለጠፈ ቡናማ ልጋግ ሆኗል። ስጨምቀው የደፈረሰ ውሃ ወጣ፤ ሽታው ይከረፋል። ያ ሁሉ ሽሪምፕ የት ደረሰ? ሟሙቶ ወደ ውሃው ተመልሷል። ከዚያን ቀን ወዲህ ካልሲ ከአራት ቀን በላይ አሳድሬ አላውቅም።

ስኪመርን ከዚህ ጋር አታምታታው። እሱ የሟሟውን ፕሮቲን በአረፋ ላይ ለጥፎ ወደ ኩባያው ያወጣዋል። ኩባያው ደግሞ ከውሃው መንገድ ውጭ ነው። ሳምንት ብታቆየው ይሸታል እንጂ መልሶ ገንዳህን አይመግብም። ካልሲ ይህ ዕድል የለውም። ያንን የምትሞላለት አንተ ነህ።

ስለዚህ መልሰው። ግን ቀኑን ቆርጠህ መልሰው።

የማንዳሪን_እናት

ጋሼ አሮጌ ገንዳ ያሉት ትክክል ነው፤ የምጨምረው ግን አለኝ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለ ካልሲ ነው የያዝኩት፤ ናይትሬቴ ከ8 አልፎ አያውቅም።

ምክንያቴ ማንዳሪን የምትባለው ዓሣዬ ናት። ማንዳሪን ሲነጋ ጀምራ እስኪመሽ ድንጋዩን እየዞረች ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የባሕር እንስሳትን ትለቅማለች። የደረቀ ምግብ የምትለምድ ማንዳሪን ጥቂት ናት፤ ኮፔፖድ ካለቀባት ከስታ ትሞታለች። 200 ማይክሮን ማለት 0.2 ሚሊሜትር ነው። ያደገ ኮፔፖድ ግማሽ ሚሊሜትርም ይሆናል፣ አንድ ሚሊሜትርም ይሆናል። ከላይ ከውሃው ጋር የወረደ ሁሉ ካልሲው ውስጥ ይቀራል። ድሮ ካልሲ ሳደርግ ሌሊት በባትሪ መስታወቱን ሳበራው ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ነበር የማየው። ካወጣሁት ከሁለት ወር በኋላ መስታወቱ ሙሉ ነጫጭ ነጥብ ይርመሰመስበት ጀመር። ኮራሎቹም እኮ አፍ አላቸው። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ይበሉታል። ለእኛ ቆሻሻ የሚመስለን ሁሉ ለእነሱ ቆሻሻ አይደለም።

ያለ ማጣሪያ ጨርቅ ኮራል መያዝ አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ ኢንዶኔዥያዊ በሕያው ድንጋይ፣ በአየር አረፋና በፀሐይ ብርሃን ብቻ ኮራል እንደሚይዝ ጽፏል። በኋላ የመጣው የበርሊን ዘዴም ምሰሶዎቹ ሕያው ድንጋይ፣ ጠንካራ ስኪመርና ጠንካራ መብራት ናቸው።

ሥራው ግን አልቀረልኝም። የሳምፔ የመጀመሪያ ክፍል ሰፊ ነው፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ስለሚረጋ ደለሉ ይዘቅጣል። በየሳምንቱ ውሃ ስቀይር ያንን ክፍል በጎማ እየመጠጥኩ አወጣዋለሁ፤ ከ20 ሊትሩ ግማሹ ከዚያ ነው። አንድ ጊዜ ወር ሙሉ ሳልመጥ ቀርቼ ናይትሬቱ ወዲያው መውጣት ጀምሯል። ጨው በልክ፣ አንተ ካልሲውን ስታወጣ ሳምፑን ትመጥ ነበር?

ጨው_በልክ

አልመጥም ነበር። ሳምፑ ወለል ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ደለል ተኝቷል። አሁን ሄጄ አየሁት።

ሞገደኛ

የማንዳሪን እናት፣ ገንዳሽን በፎቶ አይቼዋለሁ፤ የሚያምር ነው። ግን ለስላሳ ኮራልና አክሮፖራ አንድ አይደሉም። የእኔ ገንዳ ሙሉ አክሮፖራ ነው። በእነሱ ቅርንጫፎች መሃል ደለል ከተቀመጠ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይሞታል። ውሃው ጉድፍ ከበዛበትም መብራቱ ወደ ታች በደንብ አይደርስም። ስለዚህ ማጥለል ግዴታዬ ነው።

እሑድ እሑድ የጎማ ጭንቅላት ባለው መምጠጫ ድንጋዩን ስንጥቅ በስንጥቅ እየነፋሁ እሄዳለሁ። ስትነፉት ጭስ የመሰለ ደመና ይወጣል። መጀመሪያ ቀን ሳደርገው ገንዳው ውስጥ ያሉት ዓሣዎች እስኪጠፉ ድረስ ነው የደፈረሰው። ከመንፋቴ በፊት አዲስ 100 ማይክሮን ካልሲ አስገባለሁ፤ የገንዳው ፓምፖች በጉልበት ያሽከረክሩታል፤ በሁለት ሦስት ሰዓት ውሃው እንደ መስታወት ይጠራል። ያኔ ካልሲውን አውጥቼ አጥባለሁ። 100 ማይክሮን ቶሎ ይደፈናል፣ ለየቀኑ አይመችም። ለአንድ ከሰዓት ግን የሚያክለው የለም።

ጥቅልል ጨርቅ የሚጠቀም ፊልተርም ሞክሬያለሁ። ጨርቁ ሲደፈን ውሃው ከፍ ይላል፣ ያ ሴንሰሩን ይነካል፣ ሞተሩ ንጹሕ ጨርቅ ይስባል። የቆሸሸው ተጠቅልሎ ከውሃው ይወጣል። አሮጌ ገንዳ በእጅ አንሳው ያሉትን ሥራ ማሽኑ ይሠራል ማለት ነው። በጣም ወደድኩት። በሁለት ወር ውስጥ ግን ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ገባ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ አሸዋውን ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር ሸፈነው፤ ክር ክር ይላል፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይቋጥራል። ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ደቃቅ ፍጥረት ነው። ሌላው አልጌና ባክቴሪያ በረሃብ ሲዳከም ቦታውን እሱ ይይዘዋል። ሁለት አክሮፖራ ገደለብኝ፣ ቀንድ አውጣዎቼንም ጨረሰ። አምስት ወር ታገልኩት። ጥቅልሉን ቀስ ብሎ እንዲሄድ አደረግኩ፣ ምግብ ጨመርኩ፣ ናይትሬቱን 5 አካባቢ፣ ፎስፌቱን 0.05 አካባቢ ያዝኩ። ያኔ ነው የለቀቀኝ።

ይሄን የምጽፈው ማንም ሰው ዜሮን ግብ አድርጎ እንዳይነሳ ነው። ጨው በልክ፣ 40ውን በሳምንት ለማውረድ ብለህ ሁሉንም ነገር በአንዴ እንዳትጀምር።

አሮጌ_ገንዳ

ሞገደኛ፣ ይሄን ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥልን። ብዙ ሰው የገጠመውን አይናገርም።

ለማንዳሪን እናት፦ ልጄ፣ በሐሳብሽ እስማማለሁ። ሁለቱንም ማስታረቅ ግን ይቻላል። ከካልሲው በኋላ ባለው የሳምፕ ክፍል ትንሽ መብራት አድርጎ ኬቶሞርፋ አልጌ ማሳደግ ነው። ኮፔፖዱ እዚያ ይራባል፤ ከዚያ በመላሹ ፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል። በፓምፑ ውስጥ አብዛኛው በሕይወት ያልፋል። ወደ ላይ በሚሄድበት መንገድ ካልሲ አያገኘውም። ሲወርድ ይያዛል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ከታች መራቢያው እስካለ ድረስ አዲስ ይመጣል።

የማንዳሪን_እናት

እሱስ እውነት ነው ጋሼ። የእኔ ሳምፕ ለሁለቱም ቦታ የለውም እንጂ ደስ ባለኝ።

ሕፃን_ሪፍ

ሰላም፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ሳምፕ የለኝም፤ 100 ሊትር ገንዳ ላይ ካኒስተር ፊልተር (በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ማጣሪያ) ነው የገጠምኩት። ውስጡ ሦስት ስፖንጅ አለ። ከዚህ በፊት የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ሳረባ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ ለስለስ አድርገህ እጠብ፣ ባክቴሪያው እንዳይሞት ይሉኝ ነበር። እናንተ ደግሞ ካልሲውን ቶሎ ቶሎ እያወጣችሁ እጠቡ ትላላችሁ። የቱ ነው ትክክል?

ንጹሕ_ውሃ

ድንጋይህ ስንት ነው?

ሕፃን_ሪፍ

ሦስት ኪሎ አካባቢ። ትንሽ ነው መሰለኝ።

አሮጌ_ገንዳ

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፤ መልሱም ድንጋይህ ላይ ነው ያለው። ጨው አልባ ገንዳ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የባክቴሪያው ቤት ስፖንጁ ነው። ሪፍ ገንዳ ውስጥ ግን ቤቱ ድንጋዩና አሸዋው ነው። ድንጋይ የበዛበት ሰው ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ሙልጭ አድርጎ ቢያጥብ ምንም አይጎድልበትም። አንተ ግን ድንጋይህ ጥቂት ስለሆነ ስፖንጆችህ ብዙውን ሥራ ይዘውልህ ይሆናል። ሦስቱንም ባንድ ቀን ብታጥብ አሞኒያ ሊነሳብህ ይችላል። ስለዚህ ድንጋይ ጨምር። እስከዚያው በየሳምንቱ አንዷን ብቻ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እጠብ። ድንጋዩ ሥራውን እየተረከበ ሲሄድ ስፖንጆቹን አንድ ባንድ ታወጣቸዋለህ። ከዚያ በመጨረሻ ነጭ የፖሊስተር ጥጥ ብቻ ይቀርሃል፤ እሱን በሁለት በሦስት ቀን እያወጣህ ትጥላለህ።

ሌላም ልንገርህ። መብራት ጠፍቶ ካኒስተሩ ለሰዓታት ከቆመ ውስጡ ያለው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ይመረዛል። እንዲሁ መልሰህ አታስነሣው። ክፈተው፣ ውሃውን ድፋ፣ ስፖንጁን አለቅልቅ፣ ከዚያ አስነሣ።

ሕፃን_ሪፍ

በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ። ካልሲ የምትጠቀሙትስ እንዴት ነው የምታጥቡት? ሳሙና ይቻላል?

ንጹሕ_ውሃ

ሳሙና በፍጹም። የልብስ ማለስለሻም እንደዚያው። ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ ስኪመሩ እንደ እብድ አረፋ ይተፋል፣ ኮራሉም ይጎዳል።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ካልሲውን እንዳወጣሁ እገለብጠውና በጎማ ውሃ በኃይል እመታዋለሁ። ሳይደርቅ መሆን አለበት፤ ከደረቀ በኋላ አይለቅም። አምስት ስድስት ሲጠራቀም ባልዲ ውሃ ውስጥ ትንሽ በረኪና ጨምሬ አሳድረዋለሁ። በረኪናው ሽቶ የሌለው መሆን አለበት። በማግሥቱ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሜ አለቀልቀዋለሁ፣ ክሎሪን ማጥፊያ ባለበት ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ድርቅ እስኪል አሰጣዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በአፍንጫዬ አሸተዋለሁ። ቅንጣት የበረኪና ሽታ ካለው ወደ ገንዳው አይገባም። የልብስ ማሽን ያለው ሰው በውሃ ብቻ ማሽከርከር ይችላል።

እባካችሁ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር አታደባልቁ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ወፍራሙ ጨርቅ ከብዙ እጥበት በኋላ ቀዳዳው አይከፈትም፤ አዲስ ሆኖ አራት ቀን የሚቆየው በአንድ ቀን ይሞላል። ያኔ ይጣል። መረብ የሆነው ዓይነት ለመታጠብ ይቀላል፣ በቧንቧ ውሃ ብቻ ይጠራል፤ ደቃቁን ነገር ግን ያሳልፋል። እጥበት የሚሰለቸው ሰው መረቡን ቢይዝ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሞገደኛ

አንድ ነገር ከመርሳቴ በፊት። ስትመግቡ መላሹን ፓምፕ ለአሥር ደቂቃ አጥፉት። አለዚያ ግማሹ ምግብ ዓሣው ሳያየው ካልሲው ውስጥ ይገባል። የገንዳው ውስጥ ፓምፖች ይሽከርከሩ፣ መላሹ ብቻ ይቁም። ሲቆም ሳምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ስለሚል ቦታ እንዳለው መጀመሪያ አረጋግጡ።

ጨው_በልክ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ካልሲ ነበረኝ፤ ስድስት አደርገዋለሁ። ሰኞና ሐሙስ እቀይራለሁ። የሳምፑን ደለል ዛሬውኑ እመጥጣለሁ። ውጤቱን መጥቼ እነግራችኋለሁ።

ጨው_በልክ (ከሰባት ሳምንት በኋላ)

ቃሌን ለመጠበቅ መጣሁ።

መጀመሪያ ቀን ሳምፑን ስመጥ ሁለት ባልዲ ጥቁር ደለል ወጣ። ሽታውን አልረሳውም። ከዚያ በየሳምንቱ እሑድ የድንጋዩን አንድ ጎን ብቻ እየነፋሁ፣ 15 በመቶ ውሃ እየቀየርኩ ሄድኩ። ሞገደኛ እንዳለው አልተቻኮልኩም። ካልሲውን አንድም ሰኞ፣ አንድም ሐሙስ አላሳለፍኩም። ስመግብ ፓምፑን አጠፋለሁ።

ናይትሬት ከ40 ወደ 31፣ ከዚያ 22 ወረደ፤ ዛሬ 14 ነው። ፎስፌቱ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ከ0.25 ገና 0.14 ላይ ነው ያለው። ሃመሮቹ ሦስተኛው ሳምንት ላይ መፍካት ጀምረዋል። አክሮፖራው ገና ቡናማ ነው፤ ነገር ግን ጫፎቹ ላይ ጥፍር የማታክል ነጣ ያለች አዲስ እድገት አለች። ትናንት ማታ አጉሊ መነጽር ይዤ አሥር ደቂቃ ቆሜ አየኋት።

አሮጌ_ገንዳ

ፎስፌቱ አይግረምህ። ድንጋዩ በእነዚያ ወራት ጠጥቶታል። ውሃው ሲጠራ ድንጋዩ መልሶ ይለቀዋል። ወራት ሊወስድ ይችላል። ማውረጃ ኬሚካል አትጨምር፤ ባለህበት ቀጥል። ያቺ ነጭ ጫፍ ግን ትልቅ ዜና ናት፤ ደስ ብሎኛል።

የማንዳሪን_እናት

እንኳን ደስ አለህ! ኮፔፖዶቹስ እንዴት ሆኑ?

ጨው_በልክ

ያልሺኝን እያሰብኩ ነበር። አሁን ካልሲውን ከማጠቤ በፊት ገልብጬ ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ ነጭ ሳህን ላይ አራግፈዋለሁ። ኩሱ ይዘቅጣል፣ እነሱ ወደ ብርሃኑ ይዋኛሉ። በመምጠጫው እየለቀምኩ ወደ ገንዳው እመልሳቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሠላሳ አራት ቆጥሬያለሁ፤ ሁለቱ እንቁላል የተሸከሙ ነበሩ።